የላይኛው አዳራሽ ግድግዳ

ኅዳር 4 ቀን

ቃልን እንደ ደመወዝ ቆጥበህ ለምትጽፈው ወንድሜ፤

እንዴት ነህልኝ? ያ እንጨት መሰንጠቂያ ጣቶችህን ሁሉ ትቶልሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያጉረመርማል፤ እሱ ደግሞ ድሮም ነገረኛ ነው። ለምን አትደውይም እንዳትለኝ። ስልክ ለእኔ አይሆንም፤ ሰላምታዬ ሳያልቅ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ይሻለኛል፣ በመሃል አያቋርጠኝም።

«እውነት ነው ወይስ የሰፈር ወሬ?» ላልከው፣ እውነት ነው! ቤታችን ሊታደስ ነው! ይህን ስጽፍልህ ልቤ ቅቤ ጠጥቷል፤ ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትፍረድብኝ።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። አምና ማዘጋጃ ቤት የውጭ በራችን ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ ኤክስ አድርጎ፣ «ለመኖሪያ አስጊ ስለሆነ ይፈርሳል» ብሎን ሄዶ የለ? ጎረቤቴ ጡረተኛው ሾፌር ኤክሷን አይቶ፣ «የእኔን የሂሳብ ደብተር ያርም የነበረው አስተማሪ እስካሁን አልሞተም እንዴ?» ብሎ እንባችን እስኪወጣ አሳቀን። ሳቁ ግን የዚያን ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር ሁላችንም እንደነግጣለን። አሁን ደግሞ የቅርስ መሥሪያ ቤት ተነሳልን። ቤቱ የጥንት ነው፣ የመጀመሪያው ባለቤቱ፣ ያ ነጋዴ፣ ሲያሠራው በከተማው እንደሱ ያለ አልነበረም፣ እንዲሁ በቀላሉ አይፈርስም ይላሉ። ባለሙያዎች መጥተው የላይኛውን አዳራሽ ግድግዳ ያያሉ። ያዩት ካረካቸው ቤቱ በቅርስነት ይመዘገባል፣ ማዘጋጃ ቤት እጁን ይሰበስባል፣ ቤቱ ከመሠረቱ እስከ ክዳኑ ይታደሳል፣ እኛ ተከራዮቹም እዚያው እንኖራለን። ካላረካቸው ይፈርሳል። በቃ ይኸው ነው፣ መሃል ላይ የሚቆም ነገር የለውም።

ለምን ግድግዳ እንደመረጡ እኔ አልገባኝም። እኔ ብሆን ደረጃውን ነበር የማሳያቸው። አባባ በዘበኝነቱ ዘመን መደገፊያውን በዘይት ሲወለውል ትዝ ይልሃል? ያ ሁሉ ሰው ቤቱን በጣውላ እየከፋፈለ ሲገባበት፣ ደረጃውን የነካ ግን የለም። እኔም እስከ ዛሬ እዚያው የተወለድንባት ክፍል፣ ደረጃው ሥር ነው የምተኛው። ከአልጋዬ ሳልነሳ የሚወጣውን ሰው በኮቴው አውቀዋለሁ። ሌላ ቤት ብገባ በላዬ ማን እንደሚሄድ ሳላውቅ እንዴት ብዬ እንቅልፍ ይወስደኛል?

እና ለአንተ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ የላይኛው አዳራሽ ቁልፍ የት ነው ያለው? ቶሎ መልስልኝ፣ የቀረውን ሳገኝህ አወራልሃለሁ። ጻፍ እንጂ አንተ ሰው!

እህትህ


ኅዳር 12 ቀን

እትዬ፣

ደህና ነኝ። ጣቶቼም አሉ።

የጠየቅሽኝ ቁልፍ ከአዳራሹ በር ጉበን በላይ፣ በግራ በኩል፣ ስንጥቁ ውስጥ ነው። አባባ ካረፈ በኋላ እዚያ አስቀምጬው ነው የሄድኩት። የሚረከበኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ቤቱ ደስ ብሎኛል። ተስፋ አድርጊ፤ ሻንጣሽን ግን አትፍቺ።

በሩ ስለሚከብድ ብቻሽን አትግፊው።

ወንድምሽ


ኅዳር 21 ቀን

ለወንድሜ፣ ሻንጣሽን አትፍቺ ለሚለኝ ሟርተኛ፤

ሻንጣዬን ፈትቼ፣ ውስጡ ያለውን ልብስ አጥቤ፣ ተኩሼ ሰቅዬዋለሁ። እወቅ!

በመጀመሪያ ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ። እጄ እርሳስ አልይዝ ብሎኝ ነው፤ ለምን እንደሆነ አሁን ትሰማለህ። ቁልፉ ካልከው ቦታ ተገኘ። «ብቻሽን አትግፊው» ላልከኝ፣ ብቻዬን አልገፋሁትም፤ ሾፌሩ በትከሻው፣ እኔ በምላሴ ገፋነው። ምን አየን መሰለህ! እርግቦች ከነቤተሰባቸው፣ ኩሱ እስከ ቁርጭምጭሚት። ግድግዳውማ አይነሳ። ቤቱ መሥሪያ ቤት በነበረ ጊዜ አዳራሹን ወጥ ቤት አድርገውት ኖሮ፣ ጥቀርሻው እንደ ቆዳ ተለጥፎበታል። የድስት ቂጥ ይሻላል። እኔ እንኳ እዚያ ቤት ተወልጄ፣ ከጥቀርሻው ሥር ግድግዳ መኖሩን በእምነት ነው የተቀበልኩት።

እኔ ደንግጬ ስቆም ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ መጣች። ከእኔ ክፍል ፊት ለፊት የምትኖረው፣ መርፌ በአፏ ይዛ የምታወራው፤ አውቀሃታል። «ይኸን ነው ሊያዩ የሚመጡት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኛስ እንዲህ አድርገን ልናሳያቸው ነው? አንቺ ሐኪም ጋ ስትሄጂ ታጥበሽ አይደል የምትሄጂው?» አለች። እውነቷን ነው። ሰው አንተን ሊያይ ሲመጣ ፊትህን ታጥበህ ነው የምትጠብቀው።

በማግስቱ ከየክፍሉ ሴቱ ሁሉ ወጣ። አንዷ ባልዲ፣ አንዷ ብሩሽ፣ አንዷ የዱቄት ሳሙና፣ አንዷ ምንም ሳትይዝ አፏን ይዛ። ሾፌሩ መሰላል አምጥቶ ሥሩ ቁጭ አለና፣ «ቀስ እያላችሁ፣ ወደ ግራ ታጠፉ፣ ፍሬን ያዙ» እያለ ሲያዘን ዋለ። ውሃውን እያፈላን፣ በረኪና እየጨመርን፣ ፈተግን ወንድሜ፣ ፈተግን! ዘፈን ሳይቀር ነበር። እኔ ከመሰላሉ ሥር ሆኜ የቆሸሸውን ውሃ በባልዲ ደረጃውን እያወረድኩ ቦይ ውስጥ እደፋለሁ፤ ያ ነገረኛ ጉልበቴ እንኳ አፉን ያዘ። አንድ ቀን አልበቃንም፤ ሳምንቱን ሙሉ ሆነ። ትልቁ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ወጣልህ! ወተት በለው። መስኮት ያለበት ግድግዳ ብቻ ቀርቶናል፤ ልብስ ሰፊዋ እጇ ስለተላጠ ነው የተውነው።

ሲጨርሱ ሁሉም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ግድግዳውን እንደ ፊልም አዩት። አንተ ብቻ ነህ የጎደልከው።

ጣቶችህን ጠብቅ።

እህትህ


ታኅሣሥ 3 ቀን

ለወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ፣ ሰፈሩ ደህና ነው፣ እንግዶቹ ሐሙስ ይመጣሉ።

አንተ ግን ምን ነካህ? ይህን ሁሉ ዜና ጽፌልህ፣ ለእጄ ድካም እንኳ አይዞሽ ሳትል፣ «የምትደፊው ውሃ መልኩ ምን ዓይነት ነበር?» ብለህ ትጠይቃለህ? ለልብስ ሰፊዋ ባነብላት መርፌዋን ልትውጥ ነበር። «ወንድምሽ እንጨት እየሰነጠቀ ጭንቅላቱን ነካው እንዴ?» አለች።

ይሁን፣ ከጠየቅክ ልመልስ። መጀመሪያ ጥቁር ነበር፤ ጥቀርሻ ነዋ። ከዚያ ሰማያዊ ሆነ፣ እንዴት ያለ ሰማያዊ መሰለህ፣ አዲስ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ሲታጠብ እንደሚለቀው። ከዚያ ወደ ጡብ ቀለም ዞረ። በመጨረሻው ቀን እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነበር። «ይህ ግድግዳ ሠርግ ቤት ሄዶ ሳይለውጥ የተኛ ነው» ብላ ልብስ ሰፊዋ ሾፌሩን እንኳ አሳቀችው። የድሮ ቀለም ይሆናል ብለናል። ነጋዴው ባለጠጋ ነበር፤ ባለጠጋ ቤት ሲቀባ በአንድ ቀለም አይበቃውም።

አንድ ነገር ብቻ አስደንግጦን ነበር። ከጥጉ በኩል ጥቀርሻው ሲነሳ ዓይን የሚመስል ወጣ። ቁልጭ ያለ የሰው ዓይን፣ ቅንድብ ያለው። አንዷ ጮኸች። ልብስ ሰፊዋ ግን ጠጋ ብላ አይታ፣ «ሻጋታ መልክ ማውጣት ይወዳል» አለችና በብሩሽ ሁለቴ ሳትመልስ አጠፋችው። ጎበዝ ናት፣ ምንም አትፈራም።

ይኸው ነው የውሃው ታሪክ። ከዚህ የበለጠ ደስ የሚል ነገር መጠየቅ ትችላለህ። ለምሳሌ ሐሙስ ምን እንደምለብስ። ያን አረንጓዴውን ነው፣ ልብስ ሰፊዋ ወገቡን አጠበበችልኝ፤ በነፃ!

እህትህ


ታኅሣሥ 14 ቀን

ለወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። በረዶ የሚያስንቅ ብርድ ላይ ነኝ ስላልክ ሹራብ በአውቶቡስ ሾፌሩ ልኬልሃለሁ። እጅጌው ትንሽ ይረዝማል፤ ክንድህን ከረሳሁት ብዙ ጊዜ ስለሆነኝ ነው፤ ይቅርታ።

«እንዴት ነበር?» ብለህ ጻፍክ። ሁለት ቃል! እኔ ደግሞ በሁለት ቃል መመለስ አልችልም፤ ግን እሞክራለሁ። ጥሩ ነበር።

መጡ። ሴትዮዋ ልጅ እግር ናት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፤ ከእሷ ጋር ሜትር የያዘ ዝምተኛ ሰው። አንተን መሰለኝና ወደድኩት። ሻይ በብስኩት አዘጋጅተን፣ ከየቤቱ ወንበር ለምነን፣ አዳራሹ መግቢያ ላይ ተሰልፈን ጠበቅናቸው። ሴትዮዋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ነው የወጣችው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያልን እጃችንን ስንዘረጋ እንኳ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቀጥ ብላ ወደ ትልቁ ግድግዳ ሄደች።

እዚያ ደርሳ ቆመች።

ከቦርሳዋ አሮጌ ፎቶ አወጣች። ፎቶውን ታያለች፣ ግድግዳውን ታያለች፤ ፎቶውን ታያለች፣ ግድግዳውን ታያለች። እኔ አላስችል አለኝና ጠጋ አልኩ። ፎቶው ላይ የተሳሉ ሰዎች አሉ፤ ከጀልባ ሸክም የሚያወርዱ፣ የሚስቁ፣ አንዷ ልጅ ያዘለች፣ ዳር ላይ ያለው ደግሞ ፊት ለፊት የሚያይ። ጥርት ያለ ሥዕል ነው። «ይህ የት ነው እናቴ?» አልኳት። «እዚህ» አለችኝ። ከተማችን ድሮ ወደብ ነበር ይባል የለ፣ እሱን ማለቷ ይሆናል።

ከዚያ፣ «ማነው ያጠበው?» አለች። ሁላችንም አንድ ላይ፣ «እኛ!» አልን። ልብስ ሰፊዋማ እጇን እንደ ተማሪ አወጣች። «በምን?» አለች። «በፈላ ውሃ፣ በሳሙና፣ በበረኪና» አለቻት፤ ቃለ መሐላ የምትፈጽም ነው የምትመስለው። ሴትዮዋ ከተበደርናቸው ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ አለች። እንባዋ መጣ። እኛም ዓይናችን እንባ አቀረረ። ሰው ቤታችንን አይቶ ሲያለቅስ የመጀመሪያችን ነው። ሾፌሩ ብቻ አላለቀሰም፤ ቆቡን አውልቆ ወደ ታች ወረደ፤ ራሱን አሞት ነው።

ስትሄድ የልብስ ሰፊዋን የተላጠ እጅ በሁለት እጇ ይዛ አየችው። «በጣም ደክማችኋል» አለቻት። በዚህ በዚህ ልጅቷ የተባረከች ናት። ሻዩን ግን አልነኩትም። መልሱን እንልካለን ብለዋል።

ደስ ብሎኛል። ጥሩ ነበር ብዬሃለሁ እኮ።

መልሱ የሚቆይ ይመስልሃል?

እህትህ


ታኅሣሥ 25 ቀን

እትዬ፣

ሹራቡ ደርሶኛል። እጅጌውን አጥፌ ለብሼዋለሁ፣ ይሞቃል።

መልሱ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። መጥፎ ከሆነ ግን ምክንያቱ ጣሪያው መሆኑን አሁኑኑ እወቂው። ያ ጣሪያ ድሮ ያለቀለት ነው። አባባ እያለ እኔ ወጥቼ ቆርቆሮ ስጠግን በእግሬ ሥር ወራጁ እንደ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። እንደዚያ ያለ ቤት ማንም አያድነውም። ማንም ምንም ቢያደርግ፣ ባያደርግም።

አሁን ይህን በደንብ ስሚኝ። የውሃውን ነገር ለማንም አታውሪ። በተለይ ለልብስ ሰፊዋ ደግመሽ አታንሺባት።

እኔ ጋ ነይ። ክፍሌ አንድ ናት፤ መጋረጃ እንዘረጋለን።

ከዚህ የረዘመ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም።

ወንድምሽ


የካቲት 9 ቀን

ለወንድሜ፤

እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ስላልጻፍኩልህ ይቅርታ፤ ምላሴ ያለወትሮዋ ሰነፈች።

«ደረሰ ወይ?» ላልከው፣ ደርሷል። አጭር ነው፣ አንተ የጻፍከው ነው የሚመስለው። «ቤቱን በቅርስነት ለመመዝገብ የሚያበቃ ነገር አልተገኘበትም» ይላል። ከሥሩ ማኅተም። ማዘጋጃ ቤትም ሰንበት አላለም፤ በወሩ መጨረሻ እንድንለቅ ነግሮናል። ሾፌሩ ወደ ሴት ልጁ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ ወፍጮ ቤት ጀርባ አንድ ክፍል አግኝታለች፤ «ዱቄት ልብስ ላይ ሲያርፍ ነጭ ነው፣ አይታይም» ትላለች። እኔም ወደ አንተ እመጣለሁ። መጋረጃውን ግን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ አንተ ብትመርጥ ጆንያ ነው የምትሰቅልልኝ።

ጣሪያው ነው ብለሃል። ጎረቤቱም ሁሉ ጣሪያው ነው እንዲል አድርጌያለሁ፤ የጻፍክልኝን ስለ ወራጁ ያለውን አነበብኩላቸው፣ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል ስል ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ብቻዬን ስሆን ጣሪያው ነው፣ ጣሪያው ነው እያልኩ እውላለሁ። ግን ወንድሜ፣ ያቺ ልጅ አንዴም ቀና አላለችም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያን ያህል ቆይታ፣ አንዴም! ጣሪያው ከሆነ ደግሞ ስለ ውሃው ዝም በይ ያልከኝ ለምንድን ነው? አንተ ከልጅነትህም ውሸት አይሆንልህም። ለማያውቅህ ጻፍለት።

በፎቶው ላይ የነበሩትን ሰዎች በደንብ አይቻቸዋለሁ። ዳር ላይ ያለው፣ ፊት ለፊት የሚያየው፣ ቅንድቡ ወፍራም ነበር። በባልዲ ተሸክሜ ደረጃውን አውርጄ ቦይ ውስጥ የደፋኋቸው እኔ ነኝ። ጀልባውን፣ ሸክሙን፣ ያዘለችዋን ከነልጇ። እየዘፈንኩ። አትንኩ ያለን አልነበረም። ማን ይበለን? ግድግዳ የሚያጥብ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ ስመጣም አትጠይቀኝ። አንተ ዝም ማለት ታውቅበታለህ፤ እኔን ታስተምረኛለህ።

ትናንት ልብስ ሰፊዋ «እንሰናበተው» ብላኝ አዳራሹን ልናይ ወጣን። እርግቦቹ ተመልሰው ገብተዋል። እሷ ትልቁን ግድግዳ አላየችውም፤ ሄዳ መስኮት ካለበት፣ ሳናጥበው ከቀረው ፊት ቆመች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ደረስኩባት።

«ይኸ ነው ያስበላን» አለችኝ። «ይኸን ሳናዳርስ መጡብን። በእኔ ስንፍና ነው። እጄ ተላጠ ብዬ ቁጭ አልኩ። ይኸን ሁሉ ሰው ያለ ቤት ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»

ወንድሜ፣ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ያጎደልሽው ነገር የለም ልላት ፈለግኩ። ግን ይህን ካልኳት፣ ቀጥሎ ምን እላታለሁ? እጇ ገና አልዳነም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጣሪያው ነው አልኩሽ እኮ!» አልኳት፤ ተቆጣሁ እንኳ። «ወንድሜ ወጥቶ ያየው ነው። ጣሪያው ነው ያስጠላቸው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቀና አለችና ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር፣ ዝግ ብላ፣ አየችው። ከዚያ ጉንጯን ይዛ፣

«ውይ! ምነው ታዲያ እሱንም ባጠብነው! መሰላሉ እኮ ይደርስ ነበር» አለችኝ።

እህትህ